ትልቁ ልጄ በእህቱ ቀና፤ ለጊዜው አያቱ ጋ ልላከው?

ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬ ላቅርበው። ጸሐፊዋ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። ወንዱ ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል፣ ሴቷ የአራት ወር ልጅ ናት። ባለቤቷ ከከተማ ውጪ ፕሮጀክት ላይ ስለሚሠራ ቤት የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ልጁ ሕፃኗን ይቆነጥጣል። አንድ ቀን እግሯን ነክሷታል። ፖፖ ለምዶ የነበረ ልጅ አሁን ሱሪው ላይ ይሸናል፣ በጡጦ ካልሆነ ወተት አልጠጣም ይላል፣ እናቱ ልታጠባ ስትቀመጥ መሬት ላይ እየተንከባለለ ይጮኻል። ከሁሉም ያስደነገጣት ግን ትንሿን በጣቱ እያሳየ «እሷን ላኪያት» ማለቱ ነው። እናትየው የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ፣ የዓመት ፈቃዷንም ጨምራበት፣ በቅርቡ ሥራ ልትገባ ነው። ጥያቄዋ ይህ ነው፦ «ሥራዬን እስክለምድና እሱም እስኪረጋጋ ድረስ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ብልከው ይጎዳል ወይ? ይህን ቅናቱንስ እንዴት ላስተወው?»

እህቴ፣

ከመልሱ ልጀምር። አትላኪው።

ለምን እንደምልሽ ግን ትንሽ ታገሺኝ። የልጅሽ ዋና ችግር ቅናት ነው ብዬ አላምንም። ቅናት የለበትም አልልም፤ ታናሽ የመጣበት ልጅ ሁሉ ይብዛም ይነስም ይቀናል። መቆንጠጡም፣ ሽንቱን መልቀቁም፣ ጡጦ መጠየቁም በየቤቱ ያለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በወራት ውስጥ ይረግባል። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታገሺ ብዬሽ በሁለት መስመር እጨርስ ነበር።

ስለ ቁንጥጫው አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሻል። ሌላ ነገር ደግሞ እግረ መንገድሽን ጣል አድርገሽ አልፈሻል። ልትወልጂ ስትቃረቢ እናትሽ መጥተው ልጁን ይዘውት ሄዱ። እንዳያለቅስ ብላችሁ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ነው መኪና ውስጥ ያስገባችሁት። ስልክ ላይ ድምፅሽን ሲሰማ ስለሚያለቅስ «አትደውዪለት፣ ይልመድበት» ተባልሽ፣ አንቺም ተውሽ። የተመለሰው ለእህቱ ክርስትና ነው። ሲያይሽ ከአያቱ ቀሚስ ጀርባ ተደበቀ፤ «ረሳኝ ብዬ ሳቅኩ» ብለሻል።

«ለጥቂት ጊዜ» ነው ያልሽው። እኔ ግን አሰብኩት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው፤ እሱ የሄደው ደግሞ ከመውለድሽ በፊት ነው። ወደ ሦስት ወር ይጠጋል። ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ይህ ከኖረበት ዕድሜ ከአሥር እጅ አንዱ ገደማ ነው። በዚህ ዕድሜ «ከሁለት ወር በኋላ» ቢሉት ምንም አይገባውም፤ «ነገ»ን እንኳ ገና በደንብ አልያዘም። ስለዚህ እናቴ ትመጣለች ብሎ ቀን አልቆጠረም። እቤቱ ተኝቶ ሌላ ከተማ ነቃ፣ እናቱም አልነበረችም። እሱ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው።

የተመለሰበትን ቀን ደግሞ እስኪ አስቢው። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ሰው ሁሉ ስጦታ ይዞ የሚገባው ለትንሿ ነው። የእሱ ቦታ የነበረው ጭንሽ ላይ ነጭ የለበሰች ሕፃን ተቀምጣለች። «አንተ፣ እህትህን ሳማት እንጂ!» ያላለው ሰው የለም መቼም። አንተስ እንዴት ከረምክ ያለው ሰው ስንት ነው?

በዚህ ጉዳይ የታወቀ የቆየ ሥራ አለ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ጄምስና ጆይስ ሮበርትሰን የተባሉ ባልና ሚስት፣ እናታቸው ለመውለድ ሆስፒታል ስትገባ ለተወሰነ ጊዜ የተለዩ ትንንሽ ልጆችን ተከታትለው በፊልም ቀርጸዋል። አንዱ ጆን የሚባል የ17 ወር ልጅ ነው። ሞግዚቶች የሚፈራረቁበት የሕፃናት ማቆያ ውስጥ 9 ቀን ቆየ። መጀመሪያ ወደ ሞግዚቶቹ ተጠጋ፤ የእኔ የሚላት አንዲት ሰው ግን አላገኘም። አለቀሰ፣ ቆይቶ ምግብም ጨዋታም እምቢ አለ። እናቱ ልትወስደው ስትመጣ ሮጦ አልተጠመጠመባትም። እየጮኸ ከእጇ ለመውጣት ታገለ፣ ፊቱን አዞረባት። ረስቷት አይደለም። ተቀይሟት ነው፣ እንደገና ትሄድብኛለች ብሎም ፈርቷት ነው።

እነዚሁ ባልና ሚስት ሌሎች አራት ልጆችን እቤታቸው አስቀምጠው ነበር። እነሱን ጆይስ ራሷ ያዘቻቸው። ከመለየታቸው በፊት ቤቱንና ሰዎቹን ተዋወቁ፣ የራሳቸውን ዕቃ ይዘው መጡ፣ ስለ እናታቸው ይወራላቸው ነበር፣ አባቶቻቸውም እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር። እነሱም ተጨንቀዋል፣ ግን እንደ ጆን አልተሰበሩም። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ መለየቱ ብቻ ሳይሆን እንዴት ተለየ የሚለው ትልቅ ለውጥ እንደሚያመጣ ነው።

የእናትሽ ቤት ማቆያ አይደለም። እንደሚወዱት አልጠራጠርም፣ በዚያ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢያቸውን አልብሰው ነው የሚያስተኙት። መላክሽም ወንጀል አይደለም። በኦፕራሲዮን ወልደሽ፣ ሠራተኛሽ ጥላሽ ሄዳ፣ ባልሽ ሌላ ከተማ ሆኖ፣ ይህን የሚያክል ልጅ ስታነሺና ስትጥዪ ልትውዪ አትችዪም። እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። ሚስቱ ገና ቀና ብላ መሄድ ሳትችል እሱ ሥራ ይገባል፣ ትልቁ ልጅም ከረጢቱ ተጠቅልሎ ይላካል። እናት ጨክና አይደለም፣ ሌላ መውጫ ስለሌለ ነው።

የጎደለው ሌላ ነው። ማንም አልነገረውም። ሲሄድም፣ እዚያ እያለም፣ ሲመለስም። ለቅሶውን ሁላችሁም እንደ ችግር አይታችሁ በየበኩሉ ዘጋችሁት። ስልክ ላይ ሲያለቅስ እኮ ጤነኛ ነበር፤ ናፍቀሽው ነው ያለቀሰው። ስልኩ ሲቀር ለቅሶውም ቀረ፣ እናንተም ለመደ አላችሁ። «ልጅ እኮ ነው፣ ይረሳዋል» ሲባል በብዙ ቤት እሰማለሁ። ዝም የሚሉት የሆነባቸውን የሚናገሩበት አፍ ስለሌላቸው እንጂ ስለረሱት አይመስለኝም።

አሁን «እሷን ላኪያት» ያለውን እንደገና ስሚው። አንቺ ክፋት መስሎሽ «ይህን የሚያክል ልጅ ይህን ከየት አመጣው?» ብለሻል። ከእናንተ ነው ያመጣው። እሱ እንዳየው ከሆነ በዚህ ቤት አንድ ልጅ ሲገባ አንድ ልጅ ይወጣል። ባለፈው የወጣው እሱ ነው። አሁን ደግሞ ተራው የእሷ እንዲሆን እየጠየቀሽ ነው። ጠልቷት ላይሆን ይችላል እኮ፤ ቤቱ ለሁለት እንደሚበቃ ማንም አላሳየውም።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ደግሞ እንዲህ ብለሻል፦ «ምንም ብለው አይሰማኝም፤ ዝም የሚለው ካላረፍክ ለእማማ እደውላለሁ፣ መጥታ ትወስድሃለች ስለው ብቻ ነው።» ልፈርድብሽ አይደለም፣ ግን እዚህ ጋ እኔ ከልጁ ጎን ነኝ። ሁላችንም አያ ጅቦ መጣልህ እየተባልን ነው ያደግነው። አያ ጅቦ ግን በር ከፍቶ ገብቶ ማናችንንም አልወሰደም። ልጅሽ የምታስፈራሪበት ነገር አንዴ ደርሶበታል። ዝም የሚለው ስለታዘዘሽ ሳይሆን ስለደነገጠ ነው። ከዚያ ፍርሃቱ ሲያይልበት ሕፃኗን ይቆነጥጣል፣ አንቺ ደግሞ በአያቱ ታስፈራሪዋለሽ፣ እሱ የባሰ ይፈራና መልሶ ይቆነጥጣታል። እንግዲህ ይህ በቀን ስንቴ እንደሚደጋገም አንቺ ነሽ የምታውቂው። የሚወዳቸው አያቱም በዚህ መሃል ማስፈራሪያ ሆነው ቀሩ፤ ይህም ያሳዝናል።

አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ወዲያው «ይቅርታ፣ መጥፎ እናት አይደለሁም» ብለሻል። «እሱ ያልነበረ ጊዜ ቤቱ ሰላም ነበር።» ይቅርታ አያስፈልገውም። አራስ ሆነሽ፣ ገንፎሽን እየበላሽ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ እያለ የሚገባውን ሰው እየተቀበልሽ፣ አንዲት ሕፃን ብቻ መያዝ ሁለት ከመያዝ ይቀላል። እውነት ነው። ግን ለዚያ ሰላም ማን እንደከፈለ በልብሽ የምታውቂው ይመስለኛል፤ ሲያለቅስ ቶሎ የምትናደጂውም ለዚህ ይመስለኛል። እሱ ሲያለቅስ የሚታይሽ ጥፋቱ ብቻ አይደለም። በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ ናፈቀኝ የሚል አንድም ቦታ አላገኘሁም። ስላልናፈቀሽ አይመስለኝም። ናፍቆኝ ነበር ብትዪ «ታዲያ ለምን አልደወልኩለትም?» የሚለው ይከተላል፣ እሱን ደግሞ መጋፈጥ ያማል። ሰውን በደብዳቤ ማወቅ ከባድ ነው፣ ልሳሳት እችላለሁ። ቢሆንም ይህን ጥያቄ ለብቻሽ ሆነሽ አንዴ ጠይቂው።

ምን ይደረግ? ብዙ አልዘረዝርልሽም፤ ከሁለት ሕፃናት ጋር የሚውል ሰው ዝርዝር የሚይዝበት ጭንቅላት አይተርፈውም። ማስፈራሪያውን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። ከዚያ የሆነውን ንገሪው። «እህትህ ስትወለድ ሆዴን አሞኝ ነበር፣ ላነሳህ አልቻልኩም። ለዚህ ነው እማማ ጋ የሄድከው። ብዙ ቀን ቆየህ፣ እኔም አልነገርኩህም። በጣም ናፍቀኸኝ ነበር። አሁን ቤትህ ነህ፣ የትም አትላክም።» አንዴ ብቻ ነግረሽው አትተዪው። ሲታጠብ፣ ሊተኛ ሲል፣ እንደ ተረት ደጋግመሽ አውሪለት። ሊያለቅስ ይችላል፣ ሊመታሽም ይችላል። ያን ጊዜ አትደንግጪ፣ አቅፈሽ ያዢው።

ጡጦ ካለ ስጪው። እዘዪኝ ካለ፣ ቁስልሽ ከፈቀደልሽ፣ እዘዪው። «አንተ ትልቅ ልጅ አይደለህ እንዴ» የሚለውን ለጊዜው አቆዪው። ትንሿ ስትተኛ ወደ ልብስ አጠባ ከመሮጥሽ በፊት ስልክሽን አርቀሽ ትንሽ ደቂቃ ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጪ። ሲቆነጥጣት እጁን ያዢና «አይቆነጠጥም፣ ያማታል» ብለሽ አጭር አድርጊው። ሁለቱን ብቻቸውን ግን ለደቂቃም ቢሆን ትተሽ አትሂጂ፤ ይህ ድርድር የለውም።

ሥራ ስትጀምሪ ተደብቀሽ እንዳትወጪ፣ አደራ። ካርቱን ከፍቶለት ሹልክ ማለት ብዙ ቤት ይደረጋል፣ ለዚያች ጠዋት ለቅሶውን ያስቀራል፤ እንደ ልጅሽ አንዴ ተኝቶ ሌላ ቦታ የነቃ ልጅ ግን ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት ስትገቢም በር ላይ ይጠብቅሻል። ቻው በዪው፣ ያልቅስ፣ እራት ሳይቀርብ እመጣለሁ በዪው፣ እና እራት ሳይቀርብ ነዪ። እናትሽ ሊረዱሽ ከፈቀዱ 130 ኪሎ ሜትሩን እሳቸው ይምጡት፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢሆን እንኳ። ቤት ጥሎ መምጣት እንደሚከብዳቸው ይገባኛል። ካልሆነላቸው፣ የምትቀጥሪያት ልጅ አንቺ ሥራ ከመጀመርሽ ቀደም ብላ ትግባ፣ ይልመዳት።

ቶሎ ይለወጣል ብለሽ አትጠብቂ። እንዲያውም የትም እንደማይላክ ማመን ሲጀምር ለትንሽ ጊዜ ሊብስበት ይችላል፤ የታፈነው ነገር ደህና ነኝ ሲል ነው የሚወጣው። ሁለት ሦስት ወር ስጪው። በዚያ ጊዜ ካልቀለለው፣ ወይም መብላት፣ መተኛት፣ መናገር ከቀነሰ፣ ወይም ራሱን መምታት ከጀመረ ልጆችን የሚያይ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ በአካል ይዘሽው ሂጂ።

ስለ ራስሽ ደግሞ «ሕፃኗ ተኝታም እንቅልፍ አይወስደኝም» ያልሽውን ዝም ብዬ አላልፈውም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ብዙ እናቶችን ያጋጥማል፣ ይታከማልም። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄደሽ ለባለሙያ ንገሪ። በራስሽ ወይም በልጆቹ ላይ ጉዳት የማድረስ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ሳታሳድሪ በዚያው ቀን ሂጂ።

ስለ ባለቤትሽ የነገርሽኝ የት እንደሚሠራ ብቻ ነው። ልጁ አባቱንም በየአሥራ አምስት ቀኑ እየተሰናበተ ነው የሚያድገው፣ ሲመጣ ግን ሁሉም ትንሿን ነው የሚያሳየው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲገባ መጀመሪያ ትልቁን ያንሳው። አማካሪ ጋ ለመሄድ ከወሰንሽ ደግሞ ቀጠሮውን እሱ በሚመጣበት ሳምንት አድርጊው፤ እናትሽ ልጁን ሲወስዱት እሱ የት ነበር፣ ምንስ አለ የሚለው ደብዳቤሽ ውስጥ የለም፣ እዚያ ተቀምጦ ቢመልሰው ይሻላል።