ሐውልቱ ይቆየን፣ መንገዱ ይቅደም

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች የተመካከሩ ይመስል ሁሉም «ታሪክ የሚናገር ግቢ» ስለመሥራት ናቸው። አራቱን መርጫለሁ።

«ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር በ1 ሄክታር ላይ ሎጅ እየሠራሁ ነው። ጭብጡ የንግሥተ ሳባ ጉዞ ነው። ኮንትራክተሩ በሩ ላይ 5 ሜትር የሚረዝም የንግሥቲቱ ፋይበር ግላስ ሐውልት፣ ከኋላዋም ግመሎች እናቁም ይለኛል። ምን ይሻላል?»

ይተዉት። እኔም በጀማሪነቴ ለአንድ ሆቴል በር የሲሚንቶ አንበሳ አሠርቼ ነበር። በሁለተኛው ክረምት አፍንጫው ተልጦ የዛገው ብረት ሲወጣ፣ የሰፈር ልጆች «ጉንፋን የያዘው» የሚል ስም አወጡለት። ዝገቱስ ይታደሳል። የባሰው ነገር እንግዳው በሩ ላይ ፎቶ ተነሥቶ ታሪኩን እዚያው መጨረሱ ነው። ወደ ውስጥ ምን ይስበዋል?

ጉዞ በእግር ነው የሚነገረው። ላሊበላን ያስቡ። ወንዙ ዮርዳኖስ ነው፤ ጎልጎታ አለ፣ የአዳም መቃብር አለ፣ ቤተ ልሔም አለ። ተሳላሚው ያንን ዞሮ ሲጨርስ ኢየሩሳሌም ደርሶ የተመለሰ ያህል ይሰማዋል። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል «ሲኦል» የሚሉት የጨለማ ዋሻ አለ። መብራት ሳያበሩ፣ አንድ እጅ ግድግዳው ላይ፣ ጆሮ ከፊት በሚሄደው ሰው ኮቴ ላይ ሆኖ ያልፉታል። ወጥቶ ፀሐይ ያየ ሰው ማብራሪያ አይጠይቅም። ቤተ ጊዮርጊስም ቢሆን ከሩቅ አይታይም። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ነው መስቀል የሆነው ጣራው ከእግርዎ ሥር ብቅ የሚለው፤ ወለሉ 12 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ። ያዩትን ወዲያው አይደርሱበትም፤ በተፈለፈለው መተላለፊያ ዞረው ይወርዳሉ።

ወደ እርስዎ ልምጣ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ እንግዳ መቀበያው ያለውን መንገድ በሦስት ይክፈሉት። መጀመሪያ ደረቅ ጠጠር፣ እሬትና ግራር፤ ይህ በረሃው ነው። አጭር ይሁን፤ ሻንጣውንም ሠራተኛ ይቀበል፤ እንግዳ ከፍሎ አይቀጣም። ቀጥሎ በድንጋይ ካብና በወይራ መካከል ጠበብ ያለ መታጠፊያ፤ እዚያ ውሃ ይሰማ እንጂ አይታይ። ከታጠፉ በኋላ ብቻ ሐይቁ! ሐይቁን ከበሩ ጀምሮ ካሳዩ ግን ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ንግሥቲቱ ለሰሎሞን ሽቱ ይዛ ሄዳለችና መድረሻው ላይ ጽጌረዳና ጠጅ ሳር ይትከሉ፤ ቀሚስ ሲነካው የሚሸት ሆኖ ከመንገዱ ጠርዝ። ደረጃ አይሥሩ፤ ተዳፋት ይሁን። እናቶችም ባለ ተሽከርካሪ ወንበሮችም ይመጣሉ።

ለሐውልቱ የያዙትን ገንዘብ ለአትክልተኛ ደመወዝ ያድርጉት።

«የመስቀል በዓልን የሚያስታውስ መናፈሻ አለን። እንግዶቻችን የሚበዙት ግን ጥር ላይ ነው። አደይ አበባ ዓመቱን ሙሉ እንዲያብብ ምን እናድርግ?»

ምንም። አደይ በክረምት ዝናብ በቅሎ፣ መስከረም አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ የሚደርቅ ነው። የፕላስቲኩን ነገር ደግሞ አታንሱብኝ። ለጥር ጥምቀት አለላችሁ። ጎንደር የፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ለበዓሉ ነው ውሃ የሚሞላው፤ ከርሞ የመጣ ሰው ያንን ውሃ በሌላ ዓይን ያየዋል። ገንዳ ካላችሁ እናንተም በቀን መቁጠሪያ ሙሉት፤ የአደዩን ቦታ ግን ዘሩ እስኪረግፍ አትጨዱት።

«በየዛፉ ላይ ታሪኩን ጽፈን ቸነከርን፤ የሚያነብ የለም።»

መጀመሪያ ሚስማሩን ንቀሉ። ቆሞ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው፤ የተቀመጠ ግን ያነባል። ስለዚህ ጽሑፉን አግዳሚ ወንበር ባለበት ብቻ፣ ያውም በሁለት መስመር። የቀረውን አትክልተኛው ያውራው፤ ከቦርዱ የተሻለ ያውቃል።

«ሜሪላንድ ነኝ። በጠባቧ ጓሮዬ ለልጆቼ የአያታቸውን የጉራጌ ግቢ ላሳያቸው እፈልጋለሁ። እንሰት ይበቅላል?»

በበጋችሁ እህቴ፣ እንዴታ! ውርጭ ግን ይገድለዋል። ቅጠሉ ቀላ ያለው የእንሰት ዓይነት እናንተ ጋ «የአቢሲኒያ ቀይ ሙዝ» እየተባለ ለጌጥ ይሸጣል። በትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ትከዪውና ከመጀመሪያው ውርጭ በፊት ወደ ቤት አስገቢው። ጤና አዳም ብርድ የሚችለውን ዓይነት ፈልጊ፤ ልጆቹ ግን በፀሐይ እንዳይቀነጥሱት፣ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ካረፈ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል።

አቀማመጡን እኔን አትጠይቂኝ። እናትሽ በቪዲዮ ስትደውል ስልኩን ይዘሽ ጓሮ ውጪ። እንሰቱ በቤቱ በየት በኩል እንደነበር፣ ጤና አዳሙ ከየትኛው በር አጠገብ፣ እሷ ቡና ስታፈላ በርጩማዋን የት እንደምታደርግ ታሳይሽ። መጀመሪያ በርጩማውን አስቀምጪ፤ ተክሉን ከዚያ ሲታይ በሚያምርበት ቦታ ትከዪው።