ቁልፉን ለሰው አስረክባችሁ ውጡ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ከአንዲት ልጅ ጋር ቁጭ ብዬ ነበር። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ናት። የምሳ ሰዓት ስለነበር ከሰንጋ ተራ ባንኮች የወጡ ወጣቶች ባጃቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ቤቱን ሞልተውታል። ልጅቷ ማኪያቶዋን ሳትነካ ስልኳን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። "እትዬ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ። ነገ ጠዋት ቢሮ ግሩፕ ላይ ለቅቄው ልወጣ ነው" አለችኝ።

የሁለት ዓመት ብሶት ነው። አለቃዋ የእሷን ሥራ የራሱ አስመስሎ ማቅረቡ፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጠራቷ፣ ሰው ፊት መመናጨቋ፣ አንድም ሳይቀር ተጽፏል። ሁለቴ አነበብኩት። ውሸት አላገኘሁበትም። ያም ሆኖ እንዳትልኪው አልኳት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ቴሌግራም ደግሞ ከአፍ ይብሳል፤ አንዴ ከላክሽው ብታጠፊውም ስክሪንሾቱ ሰው እጅ ይቀራል።

ከዚያ የራሴን ታሪክ ነገርኳት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ቸርችል ጎዳና ላይ በነበረ አንድ ድርጅት ውስጥ ገንዘብ ያዥነት ነበር። ገንዘብ የሚይዝ ሰው ዋስ ይጠራል። እኔም አጎቴን ለመንኳቸው፤ ፈረሙልኝ። ሥራውን ከጅምሩ አልወደድኩትም። አለቃዬ ደግሞ ክፉ ቃል የማይከብደው ሰው ነበር። አንድ ዓርብ ከሰዓት እኔ በማላውቀው ደረሰኝ ደንበኛ ፊት ጮኸብኝ። የካዝናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬለት ወጣሁ። ወደ ፖስታ ቤት ቁልቁል ስወርድ እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር። ተገላገልኩ አልኩ።

በሳምንቱ ለአጎቴ ደብዳቤ ደረሳቸው። ገንዘብ ያዥዋ ርክክብ ሳትፈጽም ስለጠፋች ዋሷ ቀርበው እንዲያስረዱ ይላል። አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። በጠዋት ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ደብዳቤውን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ሄዱ። ካዝናው ተቆጥሮ እስኪያልቅ ኮሪደር ላይ ቆመው ጠበቁ። ወንበር ያቀረበላቸው ሰው አልነበረም። አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። ማታ ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። "ልጄ፣ መልቀቅሽስ ባልከፋ። ግን ለማን ጥለሽው ወጣሽ?" አሉኝ።

ይቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለች።

የተናደድኩት በአለቃዬ ነው። የተቀጣው ግን እሱ አልነበረም። እሱ በሰዓቱ እየገባ በሰዓቱ ይወጣ ነበር። የተቀጡት አጎቴ ናቸው። አጠገቤ ትሠራ የነበረችው ልጅም ተቀጥታለች፤ የእኔን ደረሰኞች ከመዝገብ ጋር ስታመሳክር ሁለት ሳምንት ሙሉ አመሸች። እኔ ራሴ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን ለማውጣት ወራት ተመላለስኩ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላ ቦታ ለፈተና ስቀርብ ከጠያቂዎቹ አንዷ ያቺው ልጅ ሆና አገኘኋት። ክፉ አልሆነችብኝም፤ ጨዋ ሰው ናት። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። አዲስ አበባ ሰፊ ከተማ ናት፤ በአንድ ሙያ ውስጥ ላለ ሰው ግን አንድ ሰፈር ናት። ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ ያሉት ቢሮዎች ሰው ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚያደርጉት ለሚያውቁት ሰው ስልክ መደወል ነው።

ስለዚህ የማትወዱትን ሥራ ልቀቁት። ሰው ሥራ ስለለቀቀ ወጭት ሰባሪ አይባልም። የምለምናችሁ ስለ አወጣጡ ነው።

ሕጉ ለዚህ በቂ መንገድ ሰጥቷችኋል። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንደሚለው የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በፈቃዱ መልቀቅ ይችላል። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ቢወጣ ግን እስከ 30 ቀን ደሞዙ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። ያልወሰዳችሁት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብላችኋል። የሥራ ልምድ ደብዳቤም አሠሪው ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ እንደ ውለታ አትለምኑት። ድርጅቱ አሠልጥኗችሁ ይህን ያህል ጊዜ አገለግላለሁ ብላችሁ ፈርማችሁ ከሆነ መጀመሪያ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ አዋጅ አለው፤ እሱን ጠይቁ።

ደብዳቤው ሦስት አራት መስመር ይበቃዋል። በፈቃዴ እለቃለሁ፣ የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ይህ ነው፣ እስከዚያ አስረክባለሁ። ብሶት አይጻፍበትም፤ ፋይል ውስጥ የሚቀር ወረቀት ነው። በሁለት ኮፒ አዘጋጁና አንዱ ላይ መዝገብ ቤት ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ ለራሳችሁ ያዙ። ከዚያ በፊት ግን አለቃችሁ ቢሮ ገብታችሁ በአፋችሁ ንገሩት። ከሌላ ሰው እንዳይሰማ። "ለመልቀቅ ወስኛለሁ፣ ለእርስዎ አስቀድሜ ልንገርዎት ብዬ ነው" ማለት ይበቃል። ለምን ቢላችሁ ስለ ራሳችሁ አውሩ፤ ወደየት መሄድ እንደምትፈልጉ። ደሞዝ ልጨምርልሽ ካለ ቶሎ አትመልሱ፤ አንድ ሌሊት እደሩበት። ያስመረራችሁ ገንዘብ ካልነበረ ጭማሪው ከሦስት ወር በላይ አያቆያችሁም። ይህን ብዙ ሰው ላይ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ስሙኝ። የሚነካችሁ፣ የሚያስፈራራችሁ፣ ክብራችሁን የሚደፍር አለቃ ካለ 30 ቀን ቻሉት አልልም። አዋጁ ራሱ እንዲህ ባለ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ይፈቅዳል። ምክንያታችሁን በጽሑፍ አስፍሩ፣ ማስረጃችሁን ያዙ፣ ለምታምኑት ሰው ተናገሩና ውጡ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ እንዳይበላሽ ብላችሁ የምትሳሱለት ግንኙነት የለም።

ከዚህ ውጭ ከሆነ ግን በቀሪዎቹ ቀናት ሥራችሁን ችላ አትበሉት። ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳም ሆነ ያልመለሳችሁት ንብረት እንደሌለባችሁ የሚያረጋግጠውን ወረቀት፣ ለማስፈረም ከንብረት ክፍል ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ሰው ኃይል መሮጥ ያደክማል፣ አውቃለሁ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው ትባላላችሁ። ነገ ተመለሱ ትባላላችሁ። ታገሱት። ያለዚያ ወረቀት የሚቀጥለው ቦታ ላይቀበላችሁ ይችላል። ዋስ ካላችሁ ደግሞ የዋስትናው ፎርም ሲመለስ ወይም ሲሰረዝ በዓይናችሁ እዩና ለዋሳችሁ ደውላችሁ ንገሩ። የሰው ስም ይዛችሁ አትሂዱ።

ልጅቷ መልእክቱን እዚያው ፊቴ አጠፋችው። ማኪያቶው ቀዝቅዞ ስለነበር ሌላ አዘዝኩላት። ሰኞ ደብዳቤዋን አስገባች። ትናንት ማታ ደውላ ለሚተካት ሰው ማስታወሻ እየጻፈች እንደሆነ ነገረችኝ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ደርሳለች። መርካቶ ያለው ዕቃ አቅራቢ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ስልክ እንደማያነሳ፣ ቫት ደረሰኝ ሲጠየቅ ልጁን እንጂ እሱን ማናገር እንደማያዋጣ፣ እሱንም ጽፋዋለች።