«ስንቀጥረው ጥምጣም አልነበረበትም»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በአንድ የፓርኪንግ ድርጅት ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነኝ። የሁሉም ጋራዥ ሠራተኛ ሲደመር ስልሳ ያህል እንሆናለን። ባለፈው ሰኔ አንድ የ22 ዓመት ህንዳዊ ልጅ ቀጠርን። ያኔ ጸጉሩ አጭር ነው፣ ጢሙም የተላጨ ነው፤ አርማ ያለበትን ኮፍያችንን አድርጎ ይሠራ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ጥምጣም አስሮ መጣና «ሲክ ነኝ» አለ። ደንባችን ኮፍያ ነው የሚለው። እውነት ሃይማኖቱ ከሆነ ከቤተ እምነቱ ደብዳቤ እንዲያመጣ ጠየቅኩት፤ አላመጣም። ደንበኞች ቅር እንዳይላቸው ብዬ ቁልፍ ከመቀበል አነሳሁትና ምድር ቤት ያለችው ቤት ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሰዓቱ አነሰና ራሱ ሥራውን ተወ። አሁን ለድርጅቱ ከኢኢኦሲ፣ በሥራ ቦታ የሚፈጸም አድልዎን ከሚመረምረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የአቤቱታ ማስታወቂያ መጥቷል። ኤችአር (የሠራተኞች ጉዳይ ክፍሉ) በሚቀጥለው ሳምንት ሊያናግረኝ ነው። እኔ እንኳን ሰው ልበድል ራሴም ጥቁር ስደተኛ ነኝ። ሽማግሌ ልልክበት አስቤያለሁ። በግሌ ሊከሰኝ ይችላል? ስልኬን በዚህ ሳምንት ስለምቀይር መልሱን በኢሜይል ቢያደርጉልኝ።

መልስ፦ ጋሼ ካልከኝ አንተ ልበልህ። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው የጻፍከውን፣ በሁለተኛው ያልጻፍከውን።

«ሰዓቱ አነሰና» ብለሃል። ወንድሜ፣ ሰዓት በራሱ አያንስም፤ የሚቀንሰው ሰው አለ። የሺፍቱን ሰሌዳ የሚያወጣው ማነው? አንተ ከሆንክ «ቀነስኩበት» በል። ለእኔ ባትለው ለራስህ ጠበቃ በለው፤ ለእሱም ካልነገርከው ሰሌዳው ራሱ ይናገራል። ደግሞ በደብዳቤህ ውስጥ ቀን የለም። ጥምጣሙን አስሮ የመጣው መቼ ነው? ምድር ቤት የወረደው መቼ ነው? ሰዓቱ የቀነሰው በስንተኛው ሳምንት ነው? እነዚህ ሦስት ቀኖች ተቀራርበው ከተገኙ ሌላ ማስረጃ ሳይመጣም ነገሩ ከባድ ነው።

ስለ ኮፍያውም ልጠይቅህ። ደንቡ በጽሑፍ አለ? በጥር ወር እዚህ አካባቢ ስንት ጋራዥ መኪና አቁሜያለሁ፤ ቁልፌን የሚቀበሉኝ ልጆች የሚያደርጉት የሱፍ ኮፍያ ነው፣ አርማ የሚባል ነገር አላይም። ለብርድ የተፈቀደ ነገር ለእምነት ተከልክሎ ከሆነ «ደንብ ነው» የሚለው መልስህ እዚያው ይወድቃል።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርህ። በፈረንጆቹ 1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛ ክፍል 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ይመለከታል፤ እናንተ ስልሳ ናችሁ። ቀጣሪው የሠራተኛውን የእምነት ልማድ ማስተናገድ አለበት፤ የማይገደደው ሥራውን ለከባድ ጫና የሚዳርግ ከሆነ ብቻ ነው። ድሮ «ከባድ» የሚባለው ነገር በጣም ቀላል ነበር። በ2023 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በእሑድ አልሠራም ባለ አንድ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ መለኪያውን ከፍ አደረገው፤ አሁን ቀጣሪው ከሥራው አንጻር ትልቅ ወጪ ወይም ጫና መኖሩን ማሳየት ይጠበቅበታል። ጥምጣም ቁልፍ ከመቀበል ጋር ምን ያጋጨዋል? እኔ አልታየኝም። አቤቱታ ለማቅረብ ሜሪላንድ ውስጥ 300 ቀን አለው። የናንተን ያህል ሠራተኛ ባለው ድርጅት ላይ የጉዳትና የቅጣት ካሳው ጣሪያ በፌዴራሉ ሕግ 50,000 ዶላር ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝና የጠበቃ ወጪ ከዚህ ውጭ ይጨመራል። ዝርዝሩን የራስህ ጠበቃ ያስረዳህ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ስንቀጥረው ጥምጣም አልነበረበትም።» ይቺን ዓረፍተ ነገር ከስንት ማኔጀር አፍ እንደሰማኋት አልነግርህም። ሁሉም እንደ ትልቅ ማስረጃ ነው ይዘዋት የሚመጡት። ሁሉንም የጣለቻቸውም እሷ ናት።

ሕጉ የሚጠይቀው ዛሬ የያዘውን እምነት ከልቡ ይዞታል ወይ ብሎ ብቻ ነው። በሰኔ ምን አድርጎ ነበር፣ አባቱ ምን ያደርጋል፣ ሌሎች ሲኮች ምን ያደርጋሉ፣ እነዚህ መለኪያ አይደሉም። ሰው እምነቱን ዘግይቶ ሊይዝ ይችላል፣ ግማሹን ሊይዝ ይችላል፣ ጥሎት ሊመለስም ይችላል። ቀጣሪ የሃይማኖት መርማሪ ሆኖ «አንተ እውነተኛ አይደለህም» ማለት አይችልም።

ለእኛ ሰው ይህ ሊከብደው አይገባም ነበር። አንተ ማተብ ታስር እንደሆነ አላውቅም። የሚያስሩትን ግን ታውቃለህ። እዚህ አገር ሃይስኩል ሲገቡ ጓደኛ እንዳይስቅባቸው ያወለቁ ልጆች አሉ። እናታቸው ሲያርፉ፣ ወይም ልጅ ሲወለድላቸው፣ አንድ ቀን መልሰው አስረው ብቅ ይላሉ። ዓመቱን ሙሉ በርገር ሲበላ የከረመው ልጅ ፍልሰታ ሲገባ «ዛሬ ሽሮ ነው» ይልሃል። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ» ብለን እንስቅበታለን እንጂ አለቃው ምድር ቤት እንዲያወርደው አንፈልግም።

ወጣት ሲኮች ዘንድም ነገሩ እንዲሁ ነው። ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1699 አናንድፑር ላይ ካልሳ የሚባለውን ማኅበር ሲመሠርቱ አባላቱ ጸጉራቸውን እንዳይቆርጡ አዘዙ። ጸጉር ከአምስቱ ምልክቶች አንዱ ነው፤ ማበጠሪያው፣ የብረት አምባሩ፣ ልዩ የውስጥ ሱሪውና ትንሿ ጎራዴ ሌሎቹ ናቸው። ጥምጣሙ ጸጉሩን ይሸፍናል፤ ለብዙዎቹ ራሱን የቻለ ክብር ነው። ግን ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ልክ አይዙትም። አንድ ቤት ውስጥ ታላቅየው የተቆረጠ ታናሽየው የጠመጠመ ታገኛለህ። ጥምጣም የምታስር እህትም አለች። ትምህርት ቤት ሲቀለድበት ጸጉሩን የተቆረጠ፣ ኮሌጅ ሲገባ ያሳደገ ሞልቷል። ሌላው ደግሞ ምንም ሳያስር ካራ የምትባለዋን የብረት አምባር ብቻ አይለያትም።

እስቲ አስታውስ። በሰኔ ቁልፍ ሲቀበልህ እጁ አንጓ ላይ ተራ የብረት አምባር አልነበረም? ምናልባት ነበረ። ምናልባት ምልክቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያየኸው እንደ ጌጥ ቆጥረኸው ይሆናል።

ከዓመታት በፊት አንድ ሲክ ወጣት ደንበኛ ነበረኝ። ዝናብ እየዘነበ ነበር፤ ጥምጣሙ በስብሶ ነው ቢሮዬ የገባው። ቦርሳው ውስጥ ደረቅ ጨርቅ ነበረው። «አንዱን ጫፍ ይይዙልኛል?» አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆምን። ጨርቁ አምስት ሜትር ያህል ነው። ልክ ጋቢ ለሁለት ሆነን እንደምናጣጥፈው እሱ ከወዲያ እኔ ከወዲህ ወጠርነው፣ አጠፍነው፣ እንደገና አጠፍነው። ከዚያ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ መጠምጠም ጀመረ። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ሲጨርስ በስልኩ ካሜራ ግንባሩ ላይ ያለችውን እጥፋት አየና አስተካከለ። ይህንን በየጠዋቱ የሚያደርግ ልጅ ላይ «ለሥራ ሰዓት በኮፍያ ቀይረው» ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ወደ ደብዳቤው ልምጣ። ቀጣሪ በእርግጥ ለመጠራጠር ተጨባጭ ምክንያት ካለው መጠነኛ ማብራሪያ ሊጠይቅ ይችላል። ጸጉር ማሳደግ ግን ተጨባጭ ምክንያት አይደለም። ማብራሪያውም የግድ ከሃይማኖት አባት መምጣት የለበትም፤ የልጁ የራሱ ቃል፣ የጓደኛ ወይም የቤተሰብ ምስክርነት ሊበቃ ይችላል። በዚያ ላይ ሲኮች እንደኛ ክህነት የተቀበለ ቄስ የላቸውም። ግራንቲ የሚባል ቅዱስ መጽሐፋቸውን የሚያነብና የሚጠብቅ ሰው አለ፤ «እገሌ ጥምጣም ይፈቀድለት» የሚል ማኅተም የሚመታ አለቃ ግን አይደለም። የሌለ ወረቀት ጠይቀህ ስላላመጣ ቀጣኸው።

ምድር ቤት ማውረዱን እንደ ውለታ ሳታየው አልቀርም። «አላባረርኩትም፣ ቦታ ቀየርኩለት» ትላለህ። ይህም የታወቀ ስህተት ነው። በእምነት ልብሱ ምክንያት ሠራተኛን ከደንበኛ ዓይን ማራቅ ራሱ አድልዎ ነው። የደንበኛ ቅሬታ ሰበብ አይሆንም፤ በ2023ቱ ውሳኔም ፍርድ ቤቱ ለአንድ ሃይማኖት ያለ ጥላቻ እንደ ጫና እንደማይቆጠር ተናግሯል። ለመሆኑ ቅር ያለው ደንበኛ በስም አለ? ወይስ ቅር ይላቸዋል ብለህ የገመትከው አንተ ነህ? ግምት ከሆነ እንዳትጽፈው አልልህም፤ እውነቱን ነው መናገር ያለብህ። ግን ከየት እንደመጣ አስብበት። በመስከረም 2001 የኒውዮርክ ጥቃት ከደረሰ ከአራት ቀን በኋላ ባልቢር ሲንግ ሶዲ የተባለ ሲክ አሪዞና ውስጥ ሜሳ ከተማ በገዛ ነዳጅ ማደያው በር ላይ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ በጥምጣሙ ሌላ ሰው መስሎት ነው። ብዙ የሲክ ወላጆች ከዚያ ወዲህ ልጃቸው ጠምጥሞ በወጣ ቁጥር ይሰጋሉ። አንተ ዘንድ ሥራ የገባው ልጅ ያንን ስጋት አልፎ ነው ጠምጥሞ የመጣው።

«ራሴም ጥቁር ስደተኛ ነኝ» ያልከውን ለኤችአር አትድገመው። አልጠራጠርህም፤ መከላከያ ግን አይሆንም።

በግልህ ስለመከሰስ፦ በፌዴራሉ ሕግ ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው የሚጠይቁት ቀጣሪውን ነው እንጂ ሱፐርቫይዘሩን በግሉ አይደለም። የስቴትና የከተማ ሕጎች ግን ይለያያሉ። ልጁ ዲሲ ያለ ጋራዥ ውስጥም ሠርቶ ከሆነ መልሱ ሊቀየር ይችላል። የት የት እንደሠራ ሳላውቅ እርግጠኛ ቃል አልሰጥህም። ጠበቃ ዘንድ ስትሄድ የሺፍት ሰሌዳውን ይዘህ ሂድ የምልህም ለዚህ ጭምር ነው።

ከኤችአር ስብሰባ በፊት አንድ የሥራ ሕግ ጠበቃ አነጋግር። የድርጅቱ ጠበቃ የአንተ ጠበቃ አይደለም። ፈገግ ብሎ ቡና ቢጋብዝህም የሚሠራው ለድርጅቱ ነው፤ የነገርከውን ምን እንደሚያደርገው የሚወስነው ድርጅቱ ነው። የራስህን ጠበቃ ወጪ ድርጅቱ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቅ። ስብሰባው ላይ የምታውቀውን ተናገር፣ የማታውቀውን አትገምት፣ ሳታነብ አትፈርም።

ሽማግሌ የመላኩን ሐሳብ ደግሞ እባክህ ተወው። አገር ቤት ብንሆን እኔም እመርቅህ ነበር። እዚህ ግን አቤቱታ ያቀረበ ልጅ ቤት ሦስት ትልልቅ ሰው ይዘህ ብትሄድ «ክሱን እንዳነሳ አስፈራሩኝ» ሊባል ይችላል፤ በቀል ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ክስ ነው። አንዳንዴም ዋናው ክስ ወድቆ የበቀሉ ይጸናል። ለሌላ ጋራዥ ማኔጀር ደውለህ «እሱን ልጅ እንዳትቀጥሩ» ብለህ ከሆነ፣ አላልክም ይሆናል፣ ግን ብለህ ከሆነ ለጠበቃህ ዛሬውኑ ንገረው። ሽምግልና ከፈለግክ ኢኢኦሲ የራሱ የሽምግልና አሠራር አለው። ነጻ ነው፣ ምስጢራዊ ነው፣ ሁለቱም ወገን ሲስማማ ብቻ ነው የሚካሄደው። ድርጅቱ እንዲቀበለው ሐሳብ ማቅረብ ትችላለህ። ይቅርታህንም እዚያ ጠበቃህ በተቀመጠበት ብታቀርበው ይሻላል።

መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግካት ነገር ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ስልክ ልትቀይር ነው። ደብዳቤ አምጣ ያልከው በአፍ ነው በቴክስት? ከሌሎቹ ሱፐርቫይዘሮች ጋር ስለ ጥምጣሙ በግሩፕ የተጻጻፋችሁት ነገር አለ? ቀልድም ቢሆን፣ ስቲከርም ቢሆን? ካለ የሚያሳፍርም ቢሆን አታጥፋው። አቤቱታ ከቀረበ በኋላ ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ መዝገብ ሁሉ ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ መቆየት አለበት፤ የጠፋ መልእክት ደግሞ ካለው መልእክት ይልቅ ያስጠረጥራል። አዲሱን ስልክ ግዛ፣ ግድ የለም። አሮጌውን ግን ለሱቁ አትመልስ፣ ለወንድምህ ልጅም አትስጥ። ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ቻርጅ አድርገህ መሳቢያ ውስጥ ቆልፍበትና ጠበቃህ እስኪያየው እዚያው ይቀመጥ።