መልሱን ቀድመሽ ሰሌዳ ላይ እንዳትጽፊ

እህቴ፣ «68 ተማሪ ይዤ አምስቱን የኢንኳየሪ (ተማሪው ራሱ መርምሮ የሚማርበት ዘዴ) ደረጃዎች በ40 ደቂቃ እንዴት ልጨርስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም በዚሁ አልፌያለሁ።

1. አትጨርሺውም። ለሁለት ክፍለ ጊዜ ክፈይው። ማነሳሳትና መመርመር አንድ ቀን፤ ማብራራት፣ ማስፋትና መገምገም በሚቀጥለው።

2. መልሱን ቀድመሽ አትንገሪያቸው። እኔን ዋጋ ያስከፈለኝ ይሄ ነው። ትምህርቱ ፔንዱለም ነበር፤ በክር ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ነገር ማለት ነው። ሲባጎና ድንጋይ ይዤ ገባሁ፣ ቡድን መደብኩ። ዓላማ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ ስለተባልን ግን «የፔንዱለም የምልልስ ጊዜ የሚወሰነው በክሩ ርዝመት እንጂ በድንጋዩ ክብደት አይደለም» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ከዚያ «በሉ መርምሩ» አልኳቸው። ምኑን ይመርምሩ? የአንዱን ቡድን ደብተር ሳይ ሠንጠረዡ ሞልቷል። ከባዱ ድንጋይ ግን ዴስኩ ላይ ተቀምጧል፤ ክር እንኳ አልታሰረበትም። ልጆቹን አልተቆጣሁም። ጥፋቱ የኔ ነበር። አሜሪካዊው የሳይንስ ትምህርት ባለሙያ ሮጀር ባይቢና ባልደረቦቹ በ1987 እ.ኤ.አ. አምስቱን ደረጃዎች ሲቀርጹ መመርመርን ከማብራራት ያስቀደሙት ለዚህ ነው።

በዓመቱ ዓላማውን ወደ ጥያቄ ቀየርኩት፦ «ቶሎ የሚመላለሰው የቱ ነው?» እንዳያጠፉት ግምታቸውን በእስክሪብቶ አስጻፍኩ። አብዛኛው «ከባዱ» አለ። በስልኬ ሰዓት ስንለካው 1 ሜትሩ ክር 10 ጊዜ ሲመላለስ 20 ሰከንድ ገደማ ፈጀ። ድንጋዩን ቀየሩ። ያው 20! አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ስልክዎ ተበላሽቷል» ብሎ እንደገና አስለካኝ። ክሩን ወደ 25 ሳንቲሜትር ሲያሳጥሩት 10 ሰከንድ ሆነ። ጩኸታቸውን በሰማሽ!

ጩኸቱን ሱፐርቫይዘሩም ሰማ። በሩ ላይ ቆሞ፣ በተማሪዎቼ ፊት፣ «እዚህ ክፍል መምህር የለም እንዴ?» አለ። ምልከታ ቅጹ ላይም «ክፍል መቆጣጠር አይችልም» ብሎ ሞላ። ዛሬም ያንገበግበኛል። የዚያን ቀን ያስተማርኩትን ያህል አስተምሬ አላውቅም። ቅሬታ ሳቀርብ «እቅድህን አምጣ» ተባልኩ። እቅዴ ላይ ያለው ደግሞ «ገለጻ» የሚል ብቻ ነው።

ስለዚህ «የተማሪ ተግባር» በሚለው ዓምድ ስር «ይለካሉ፣ ይከራከራሉ» ብለሽ ከነደቂቃው ጻፊ። ሳትገቢ ርዕሰ መምህሩን አስፈርሚ።

አሁን የምጠቀምበትን እቅድ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። የሹራብ ክር እንዳትጠቀሚ፤ ይለጠጣል። ርዝመቱንም እስከ ድንጋዩ መሃል አስለኪያቸው፤ አለበለዚያ ድንጋይ በቀየሩ ቁጥር ርዝመቱም ይቀየርብሻል።