ለደሴ ብርድ ሎሽን ወይስ ቫዝሊን?
እህቴ፣ «ከሎሽንና ከቫዝሊን አሲዱ የሚበዛው የቱ ነው፣ ለደሴ ብርድስ የቱ ይሻላል?» ላልሽው፦ መጀመሪያ ቫዝሊንን ከአሲድ ወሬው አውጪው። ፒኤች ማለት የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ከ7 ሲያንስ አሲድ፣ ሲበልጥ የአሲድ ተቃራኒ፤ የሚለካውም ውሃ ባለበት ነገር ነው፤ ቫዝሊን ውሃ የለውም፣ የፒኤች ወረቀት ብትነክሪበትም ምንም አይነግርሽም። ሎሽንና ክሬም ላይ ግን ይሠራል። ጤነኛ ቆዳ ራሱ ትንሽ አሲድነት አለው፣ ፒኤቹ 5 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከ5 እስከ 6 ያለ ሎሽን ይስማማዋል። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙ ጊዜ ቆዳ የሚያደርቀው ሳሙናው ነው፤ የተለመደው ደረቅ ሳሙና ፒኤቹ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል፣ በእሱ ፊትሽን እየፈተግሽ ስለ ሎሽን አሲድ መጨነቅ ትርፉ ድካም ነው።

ሎሽን ቀጠን ያለ ነው፣ ቶሎ ይሰርጋል። ለኮምቦልቻ ሙቀት ይበቃል። ደሴ ላይ ግን፣ በተለይ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ከንፈር ሲሰነጥቅ፣ ወፈር ያለ ክሬም ያዢ። ከታጠብሽ በኋላ ቆዳሽ ገና እርጥብ ሳለ ተቀቢው። ተረከዝሽን ማታ ቫዝሊን ቀብተሽ ካልሲ አድርጊበት። ግሊሰሪን ከሆነ ደግሞ በውሃ አቅጥኚው፣ እንዳለ ከተቀባሽው ይጣበቅና ፒያሳ እስክትደርሺ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስብልሻል።