«እየሰማሁሽ ነው» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አሜሪካ ከመጣሁ ሶስት አመቴ ነው፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት፣ አረጋውያን መንከባከቢያ እሰራለሁ። እንግሊዝኛው ይገባኛል፣ ችግሬ እሱ አይደለም። ሰው ሲያወራኝ ዝም ብዬ ነው የምሰማው፣ ያደግኩትም እንደዛ ነው፣ ትልቅ ሰው ሲናገር መሀል አይገባም። ሱፐርቫይዘሬ ግን በየደቂቃው «አር ዩ ፎሎዊንግ ሚ?» (እየተከታተልሽኝ ነው?) ትለኛለች። ባለፈው ደሞ አብራኝ የምትሰራ ልጅ በስልክ ስለ ሺፍት ስታወራኝ እንደኛ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ «እህ» አልኩ፣ ልጅቷ ደንግጣ «ምን ሆንሽ? ደህና ነሽ?» አለችኝ። ከዛ ወዲህ ሁሉንም «የስ የስ» እያልኩ ነው፣ እሱም አልሆነልኝም። ምን ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከስልኩ ልጀምር፣ ያሳቀቀሽ እሱ ስለሚመስለኝ። ያቺ ትንፋሽ ስበን የምንላት «እህ» እኛ ጋ አዎ፣ ገብቶኛል፣ ቀጥይ ማለት ናት፣ ቡና ላይ የተቀመጡ ሴቶች ሲጨዋወቱ ብትሰሚ በየወሬው መሀል አትጠፋም። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ውስጥ ግን የድንጋጤ ድምፅ ናት፣ መኪና ሊገጨው የነበረ ሰው የሚያወጣት አይነት። ፊት ለፊት ብትሆኑ ፊትሽን አይታ ይገባት ነበር፣ ስልክ ላይ የደረሳት ግን ድምፁ ብቻ ነው። ጥፋት የለብሽም። ደሞ እኛ ብቻ አይደለንም፣ ሰሜን ስዊድን ያሉ ሰዎችም አየር ወደ ውስጥ ስበው ነው አዎ የሚሉት። ስለዚ ካበሻ ጋር ስታወሪ እንዳትተያት፣ ከነሱ ጋር ስልክ ላይ ስትሆኚ ብቻ አፍሽን ገጥመሽ ትንፋሹን በአፍንጫሽ ወደ ውጪ አውጪና «ምም-ህም» በይ።

ዝምታው ላይ ስንመጣ፣ አንቺ አክብረሽ ነው ዝም ያልሽው፣ ሱፐርቫይዘርሽ ግን ሰው ስታወራ በየትንፋሹ መሀል ትንሽ ድምፅ ትጠብቃለች፣ ካልመጣላት ወይ አልገባትም ወይ ሀሳቧ ሌላ ቦታ ነው ብላ ነው የምታስበው። ቪክቶር ኢንግቬ የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ በፈረንጆቹ 1970 ለነዚህ ድምፆች ስም አወጣላቸው፣ «ባክ ቻነል» አላቸው፣ ተናጋሪው ዋናውን መስመር እንደያዘ ሰሚው በጎን የሚልካቸው ናቸው ለማለት ነው። ጌይል ጀፈርሰን የምትባል ተመራማሪ ደግሞ በ1984 የስልክ ንግግሮችን አንድ በአንድ እያየች በጣም የሚጠቅምሽን ነገር ጻፈች፦ ሰዎች «ምም-ህም» ሲሉ ባብዛኛው መስማታቸውን ይቀጥላሉ፣ «ያ» ሲሉ ግን ብዙ ጊዜ ራሳቸው ሊናገሩ እየተዘጋጁ ነው። ስለዚ ሴትየዋ ረጅም ወሬ ከጀመረች «ምም-ህም» ያዋጣሻል፣ «ያ፣ ያ» ካበዛሽ ንግግሬን ልትቀማኝ ነው ብላ ታሳጥረዋለች። «ኦኬ ኦኬ ኦኬ» ብለሽ ከደረደርሽው ደሞ ቶሎ ጨርሺ እንደማለት ነው።

«አይ ኖው» ላይም ጠንቀቅ በይ፣ አዲስ ነገር ለነገረሽ ሰው «አይ ኖው» ካልሽ ድሮም አውቀዋለሁ፣ ምን ትነግሪኛለሽ ይሆናል። ገባኝ ለማለት «አይ ሲ» ወይም «ዛት ሜክስ ሴንስ» ጥሩ ናቸው።

አሁን ወደ «የስ የስ» እንምጣ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። እኛ «እሺ እሺ» ስንል ብዙ ጊዜ እየሰማሁ ነው ማለታችን ነው፣ እነሱ ግን «የስ»ን ገብቶኛል፣ አደርገዋለሁ ብለው ነው የሚይዙት። እኔ በመጣሁ በሳምንቱ አለቃዬ «ነገ አት ሰቨን» አለኝ፣ የስ የስ አልኩ፣ በኛ ሰባት ሰአት፣ ማለትም በነሱ አንድ ሰአት ከቀትር በኋላ ደረስኩ፣ ስራውን ሌላ ሰው ወስዶታል። ያኔ መልሼ «ሰቨን ኤኤም፣ ራይት?» ብል ኖሮ እዛው ይቃና ነበር። አንቺ ደሞ ሰው ነው የምትንከባከቢው። ሱፐርቫይዘርሽ ለአንዲት እናት የደም ምርመራ እስኪሰራ ቁርስ እንዳይሰጣቸው ከነገረችሽ የስ ብለሽ አትለፊው፣ በራስሽ አፍ ድገሚው፣ «ሶ ኖ ብሬክፋስት አንቲል ዘ ብለድ ቴስት፣ ራይት?»። ሆስፒታል ውስጥም ነርሶች በቃል የታዘዙትን ለሀኪሙ መልሰው ያነቡለታል፣ ማንም አላዋቂ ናቸው አይላቸውም። ካልገባሽ ደሞ «ሶሪ፣ ካን ዩ ሴይ ዛት አጌን?» በይ፣ ከዛ በኋላ «አር ዩ ፎሎዊንግ ሚ» የምትልበት ምክንያት ይቀንስላታል።

አዛውንቶቹ ጋ ያለው ግን ሌላ ነው፣ እነሱ የሚያወሩሽ እንድታዝኚላቸው፣ አብረሻቸው እንድትስቂ ነው። አንዷ «ልጄ በዚህ ሳምንት አልመጣም» ቢሉሽ «ኦኬ» እንዳትዪ፣ በር እንደመዝጋት ነው። «ኦ ኖ፣ ሂ ዲድንት?» ብለሽ የራሳቸውን ቃል መልሰሽ ስትሰጫቸው ወሬው ይከፈታል፣ ልክ እኛ «አልመጣም? ውይ!» እንደምንለው ማለት ነው። «አይዞዎት» የምትለዋን ቃላችንን በአንድ ቃል የሚተካ እንግሊዝኛ አላገኘሁም፣ እኔ «ዛት መስት ቢ ሃርድ» (ከባድ መሆን አለበት) እላለሁ፣ ከዛ እጃቸውን ያዝ አድርጌ ዝም እላለሁ። ሀዘን ሲነግሩሽም «አይም ሶ ሶሪ» በይ፣ እዚህ ላይ ሶሪ ይቅርታ ሳይሆን አዝናለሁ ነው፣ አንቺንም ሲሉሽ «ምን አጠፋሽ» ብለሽ እንዳትመልሺ።

«ሪሊ» ደሞ በዜማው ነው የምትለየው፣ መጨረሻው ከፍ ሲል ውነትህን ነው? ንገረኝ እስቲ ነው፣ ዝቅ ብሎ ሲያልቅ ግን አላምንህም ወይም አልገረመኝም ሊመስል ይችላል። ከአንዲት አበሻ ጓደኛሽ ጋር ስልክ ላይ አስር ደቂቃ ተለማመዱት፣ አንዷ ቀኗን ታውራ፣ ሌላዋ በነዚህ ብቻ ትመልስ።

ጥያቄ፦ ሀዋሳ ነው ያለሁት፣ እንግሊዝኛ በኦንላይን እማራለሁ። አስተማሪዬ ጥያቄ ጠይቆኝ አዎ ልል «ኧ-ኧ» አልኩት፣ እሱ ግን አይደለም ያልኩት መሰለው። ለምን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዎ የሚባለው «ኧ-ህኧ» ነው፣ መሀሉ ላይ ሀ አለች፣ ትንፋሹ ሳይቋረጥ ያልፍና ሁለተኛው ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል። አንተ ያልከው ጉሮሮ ላይ ቁርጥ ይላል፣ ሁለተኛውም ይወርዳል፣ እሱ አይደለም ነው፣ እኛም ልጅ መድሀኒት እንቢ ሲል የሚያወጣው ድምፅ ነው። እስክትለምደው ድረስ «ያ» በልና ጭንቅላትህንም ነቅነቅ አድርግ፣ ካሜራው ላይ ይታየዋል።