ሆዱን አውጥቼ ብሉቱዝ ልክተትበት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? አባቴ ትቶልን የሄደ ባለ ቫልቭ (እነዚያ እየሞቁ የሚሠሩ አምፖል መሰል መስታወቶች ያሉት) የጀርመን ሬዲዮ አለን። ብሥራተ ወንጌል የሚባለው የሬዲዮ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ሲጀምር የሰማበት ነው ይሉናል ቤት ውስጥ። ስከፍተው ደህና ይጀምራል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ግን ድምፁ ይሻክራል፣ ከሥር እንደ ንብ ቀፎ ኡምም ይላል፣ ከኋላ ሳየው ደግሞ አንዱ ቫልቭ እንደ ፍም ቀልቷል። እዚህ ሰፈር ያለ ሠሪ «ይሄማ ሞቷል፣ ሆዱን አውጥተን ብሉቱዝ እንክተትበት» አለኝ። ምን ይመክሩኛል?
የአባቱ ልጅ፣ ከቡራዩ

መልስ፦ ኧረ በሕግ! መጀመሪያ ከሶኬት ንቀለው፤ እንዲያ ቀልቶ ከቆየ እውነትም ይሞታል። አሁን ግን አልሞተም። አሥር ደቂቃ የሚዘፍን ሬዲዮ ምኑ ሞተ?

የቀላው የድምፅ ማውጫው ቫልቭ ነው። በብዙዎቹ ላይ «ኢኤል 84» የሚል ታገኛለህ። ከሱ በፊት ያለው ቫልቭ ድምፁን የሚያቀብለው በአንዲት ትንሽ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ዕቃ) በኩል ነው፤ ሥራዋ ድምፁን አሳልፋ የዲሲውን ቮልት ማገድ ነው። ከ60 ዓመት በኋላ ውስጧ ያለው ወረቀት እርጥበት ጠጥቶ ማሾለክ ትጀምራለች፣ ሲሞቃት ደግሞ ይብስባታል፣ ለዚህ ነው ደህና ጀምሮ የሚበላሽብህ። ያ ፖዘቲቭ ቮልት ግሪዱ ላይ፣ ማለትም ቫልቩን የሚቆጣጠረው ወንፊት ላይ፣ ሲደርስ ቫልቩ ልጓሙ የተፈታ በቅሎ ይሆናል።

ቴስተርህን የዚህ ቫልቭ 2ኛ እግርና ሻሲው (የሬዲዮው የብረት አካል) ላይ አድርገህ ለካ። ዜሮ ወይም ትንሽ ኔጌቲቭ መሆን አለበት። ፖዘቲቭ ካሳየህ አጥፍተህ የካፓሲተሯን አንድ ጫፍ በካውያ ፍታና እንደገና ለካ። ፖዘቲቩ ከጠፋ ጥፋተኛዋ እሷ ናት፤ ካልጠፋ ቫልቩ ራሱ ተበላሽቷል። የምትተካት ቁጥሯ ያው የሆነ፣ 630 ቮልት የምትችል ትሁን። ኡምምታው አብሮ ሊቀንስ ይችላል፣ ምክንያቱም ቫልቩ ኤሌክትሪክ ያለ ልክ ሲጠጣ ኡምምታውን የሚያጣራው ክፍል አይችለውም። ካልቀነሰ ትልቁን የማጣሪያ ካፓሲተር ቀይር፣ ግን ከተጻፈበት ማይክሮፋራድ አታብዛ።

አንድ ነገር አደራ። እዚያ ውስጥ 250 ቮልትና ከዚያም በላይ አለ፣ ከሶኬት ከነቀልከውም በኋላ ማጣሪያው ውስጥ ይቆያል። በሪዚስተር አራግፈህ ዜሮ መሆኑን በቴስተር ሳታይ እጅህን አትስደድ። ጠግነህ ስትሞክረው የድሮውን ባለ ሽቦ 60 ዋት አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ አስገባበት፤ የሆነ ነገር ሾርት ካደረገ አምፖሉ ቦግ ይላል እንጂ ትራንስፎርመሩ አይቃጠልም። መብራት በሄደ ቁጥርም ንቀለው፣ እንደኛ ዳር ሰፈር ያለ ሰው ሲመለስ እንዴት እንደሚመጣ ያውቀዋል።

ብሉቱዙን ከፈለግከው ሆድ ማውጣት ምን አመጣው? ከኋላ የግራሞፎን ሶኬት አለው። የብሉቱዝ መቀበያውን ግራና ቀኝ እያንዳንዳቸውን በአንድ ኪሎ ኦም ሪዚስተር አሳልፈህ አገናኝና እዚያ ሰካ። ግን ቫልቮቹ ስማቸው በ«ዩ» የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ «ዩኤል 84»፣ ተወው! እንዲህ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ የመብራት ትራንስፎርመር የለውም፣ ሻሲው በቀጥታ ከመብራቱ ጋር ነው፤ በመቀበያው ገመድ በኩል ሊገድልህ ይችላል።

ጥያቄ፦ የኔ ባለ ቫልቭ ኤፍ ኤም 97.1ን ጥርት አድርጎ ይይዛል፣ ሸገር 102.1ን ግን ጭራሽ አያውቀውም። አንቴና ልጨምር?
ከሰበታ

መልስ፦ አንቴና አይረዳሽም እህቴ። በ1950ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሠሩት የጀርመን ሬዲዮዎች ኤፍ ኤማቸው 100 ሜጋኸርዝ ላይ ያልቃል። የኦሲሌተሩን ትሪመር (ጣቢያ መያዣውን የምታስተካክል ትንሽ ብሎን) በፕላስቲክ ጠመንጃ መፍቻ ትንሽ በማዞር ወደ ላይ መግፋት ይቻላል፤ ቦታውን መጀመሪያ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ዋጋው ግን መስታወቱ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ይዛነፋል፣ ከታች በኩል ያሉት ጣቢያዎችም ሊያመልጡሽ ይችላሉ። እኔ የራሴን አልነካሁትም። ሸገርን ስልኬ ላይ ከፍቼ በግራሞፎኑ ሶኬት እለቅበታለሁ።